በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃትና ችላ ባይነት በጤና ተቋም፦ ምልክቱን ስለ መለየትና ስለ ቀጣዩ እርምጃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በድንገተኛ፣ በተመላላሽ፣ በክትባትና በጥርስ ክፍል ሕፃናትን ለሚያዩ የጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። የማሳወቂያው ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ጉዳቱን አይቶ የመረዳቱ ሥራ ግን የትም አንድ ነው።

ጥቃት ሲባል ምን ምንን ይጨምራል?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ18 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሚደርሰውን አካላዊ፣ ወሲባዊና ስሜታዊ ጥቃት፣ ችላ ባይነትንና ብዝበዛን በአንድነት ያያል። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 19 መንግሥታት ልጁን ከእነዚህ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። በሥራ ላይ አንዱ ለብቻው የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የተመታ ልጅ ብዙ ጊዜ ሲሰደብና ሲዋረድም የኖረ ነው። የሚዘነጋ ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፦ አሳዳጊው የሌለ ሕመም እየተረከ፣ ወይም ሆን ብሎ ልጁን እያሳመመ፣ ለማያስፈልግ ምርመራ፣ መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ሲዳርገው። በዚህኛው ጉዳቱን በእጁ የሚያደርሰው፣ ሳያውቀው፣ ሐኪሙ ነው።

ጥርጣሬ ከምን ይነሣል?

ሦስት ነገሮች አልገጥም ሲሉ፦ ጉዳቱ፣ የተነገረው ታሪክ፣ ልጁም በዕድሜው ማድረግ የሚችለው። ሕፃን መገላበጥ የሚጀምረው ባብዛኛው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ዕቃ ይዞ መቆም የሚጀምረው 9 ወር ገደማ ነው። "የ6 ሳምንቷ ልጅ እየዳኸች ከደረጃ ወደቀች" የሚል ታሪክ ጉዳቱ ምንም ይሁን ምን አይሆንም። ለትሪያጅ (ሕመምተኛን መጀመሪያ ተቀብላ ለምትለየው) ነርስ የተነገረው ለሐኪሙ ከተነገረው ከተለየ፣ ለከባድ ጉዳት ምንም ምክንያት ካልቀረበ፣ ወይም ነገሩ ገና እግር ባልተከለ ታናሽ ወንድም ላይ ከተላከከ፣ ይህም ልብ ይባል።

መዘግየት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ገንዘብ አጥቶ፣ መንገድ ርቆት፣ ወይም "ሲያድር ይሻለው ይሆናል" ብሎ የሚዘገይ ወላጅ ብዙ ነው። የወላጁ ሁኔታም እንደዚያው ነው፤ ፈዝዞ የተቀመጠው አባት ደንግጦ ሊሆን ይችላል፤ አምርሮ የሚያለቅሰውም ጉዳቱን ያደረሰው ሊሆን ይችላል። ፊት እያዩ መፍረድ በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

የትኛው ብልዝ ነው የሚያሳስበው?

እየሮጠ የሚጫወት ልጅ ቅልጥሙ፣ ጉልበቱና ግንባሩ ቢበልዝ የተለመደ ነው፤ ወደፊት ሲወድቅ መሬት የሚያገኘው አጥንቱ ወጣ ያለበትን ቦታ ነውና። የሚያሳስበው ለስላሳና የተሸሸገ ቦታ ላይ ያለው ነው። "ቴን-ፎር" የሚባለው መመዘኛ የተሠራው ይህን ለማስታወስ ነው። ከ4 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግንዱ ላይ (ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ መቀመጫና ብልትን ጨምሮ)፣ ጆሮው ላይ ወይም አንገቱ ላይ ብልዝ ከተገኘበት ተጨማሪ ምርመራ ይገባዋል። 5 ወር ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ደግሞ የትም ቦታ ያለ ማንኛውም ብልዝ ይበቃል። በ2021 የታተመው የተሻሻለው ቅጂ እነዚህን ጨምሯል፦ ከንፈርን ከድድ ወይም ምላስን ከአፍ ወለል ጋር የሚያያይዘው ስስ ሥጋ መቀደድ፣ የመንጋጋ ማዕዘን፣ የጉንጭ ሥጋ፣ የዓይን ቆብ፣ በዓይን ነጭ ላይ የፈሰሰ ደም፣ እንዲሁም ቅርጽ ያለው ብልዝ።

ቅርጽ ያለው የሚባለው የመቺውን ዕቃ መልክ የያዘው ነው። ቀበቶ ወይም ዱላ ሁለት ትይዩ መስመሮችን ትቶ መሃሉን ገርጥቶ ይተወዋል፤ ምቱ ደሙን ከመሃል ወደ ዳርና ዳር ስለሚገፋው ነው። የታጠፈ ገመድ የቀለበት ሰንበር፣ ጥፊ ደግሞ የጣቶችን ክፍተት ያሳያል። የንክሻ ምልክት ላይ በሁለቱ የውሻ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ የነከሰው ልጅ ሳይሆን አዋቂ መሆኑን ያመለክታል፤ ትኩስ ከሆነ ቦታው ሳይታጠብ ናሙና ይወሰድ።

ይህ ሁሉ የሚታየው ልጁ ሙሉ ልብሱን ሲያወልቅ ነው። በአንድ ጊዜ ማራቆት ግን አያስፈልግም፤ ከላይ አይተው ሸፍነው፣ ከታች ይቀጥሉ። ከጆሮ ጀርባ፣ የአፍ ውስጥና ውስጥ እግር ብዙ ጊዜ ሳይታዩ ይቀራሉ።

ከብልዙ ቀለም ጉዳቱ የስንት ቀን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?

አይቻልም። በአንድ ጊዜ የደረሱ ሁለት ብልዞች እንኳ ቀለማቸው ሊለያይ ይችላል። መዝገቡ ላይ ቀለሙን እንዳዩት ይጻፉ፤ ቀኑን አይገምቱ።

የ3 ወር ሕፃን ጉንጩ ላይ ትንሽ ብልዝ አለው፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ማጋነን አይሆንም?

አይሆንም፤ ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ካሉ ይህኛውን ቢያነቡ ይሻላል። ራሱን ችሎ የማይንቀሳቀስ ሕፃን ራሱን አያበልዝም። በ2013 በታተመ ጥናት ጥቃት እንደደረሰባቸው ከተረጋገጡት 200 ሕፃናት መካከል 27.5 በመቶዎቹ ከከባዱ ጉዳት በፊት እንዲህ ያለ ትንሽ ጉዳት እንደነበራቸው ታውቋል፤ አብዛኛውም ብልዝ ወይም የአፍ ውስጥ ቁስል ነበር። ትንሹ ጉዳት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ይጠፋል፤ ያኔ ያየው ባለሙያ ካለፈው፣ ቀጥሎ የሚመጣው የተሰበረ አጥንት ወይም የደማ አንጎል ሊሆን ይችላል። ልጁ ለክትባት ቢመጣም፣ ለጉንፋን ቢመጣም ያው ነው።

የትኛው ስብራት ከጥቃት ጋር ይያያዛል?

በሕፃናት ላይ የጎድን አጥንት ስብራት፣ በተለይ ከጀርባ በኩል ከአከርካሪው አጠገብ ያለው፣ ቀዳሚው ነው። አዋቂ ሰው ደረቱን በሁለት እጁ አንቆ ሲጨምቀው የጎድኑ ጫፍ በአከርካሪው ክንፍ ላይ ተደግፎ ይሰበራል። ልብን ለማስነሣት ደረት መጫን በዚህ በኩል ስብራት ማምጣቱ ብርቅ ስለሆነ "ነፍስ ሊያድኑ ሲጫኑት ነው" የሚለውን ምክንያት ቶሎ አይቀበሉ። ሁለተኛው በረጃጅም አጥንቶች የማደጊያ ጫፍ ላይ የሚታየው ትንሽ ቁራጭ ነው፤ እጅና እግር ሲጠመዘዝ፣ ሲጎተት ወይም ሲርገበገብ ይመጣል፤ ልምድ የሌለው ዓይን ያልፈዋል። የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት፣ የደረት መሃል አጥንትና የአከርካሪ እሾህ መሰል ጫፎች ስብራትም ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ገና ያልሄደ ልጅ የጭን አጥንቱ ከተሰበረ ማብራሪያ ይጠየቅበታል።

የተጠማዘዘ ስብራት ሁሉ ጥቃት ነው የሚለው የቆየ እምነት ግን ስሕተት ነው። መሄድ የጀመረ ልጅ እግሩ ተጠምዝዞ ሲወድቅ ቅልጥሙ ላይ ይህንኑ ዓይነት ስብራት ያገኛል።

ቃጠሎስ?

ሕፃኑ ራሱ ጎትቶ የደፋው ትኩስ ፈሳሽ ከላይ ይጀምራል፤ ወደታች ሲወርድ ይቀዘቅዛል፤ ዳሩ የተዘበራረቀ፣ ጥልቀቱም የተለያየ ነው። በግድ የተነከረ ልጅ ቃጠሎ ግን እንደ ጓንት ወይም እንደ ካልሲ እኩል የተሰመረ ጠርዝ አለው፤ ጥልቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የፍንጥቅጣቂ ምልክት የለበትም። ጉልበቱ ጀርባና ብሽሽቱ ታጥፎ ስለነበር ሳይቃጠል ይቀራል። የሲጋራ ቃጠሎ ክብ፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና የጎደጎደ ነው። ቆዳን በሚያቆስል ኢንፌክሽን በቀላሉ ይምታታል።

አንጎል ላይ የደረሰ ጉዳት ምን ይመስላል?

ሌላ ነገር ይመስላል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ያለ ትኩሳትና ያለ ተቅማጥ ማስመለስ፣ አለመጥባት፣ መነጫነጭ፣ መዛል፣ ትንፋሽ ማቋረጥ፣ ማንቀጥቀጥ፣ የተወጠረ እርግብግቢት፣ ከዕድገት ሰንጠረዡ መስመር ወጥቶ ያደገ የራስ ዙሪያ ልኬት። ውጫዊ ቁስል ላይኖር ይችላል። በ1999 በታተመ ጥናት በጥቃት አንጎላቸው ከተጎዳ 173 ልጆች ውስጥ 54ቱ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ሳይታወቅላቸው ተመልሰዋል። ባብዛኛው የተሰጣቸው ስያሜ የሆድ ሕመም፣ ኢንፌክሽን ወይም ድንገተኛ አደጋ ነበር። በጣም ያመለጠውም በጣም ትናንሾቹ ላይና እናትና አባት አብረው በሚኖሩባቸው ቤቶች ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቤተሰቡ "ደህና ቤተሰብ" ሲመስል።

የሕፃን ልቅሶ ከተወለደ 2 ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየጨመረ በሁለተኛው ወር ጣራ ይደርሳል፤ ልጆችን የሚያርገበግቡ አዋቂዎች ብዙዎቹ ትዕግሥታቸው የሚያልቀው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ክትትል ለወላጆች፣ ለአባት ጭምር፣ አንድ ነገር በግልጽ ይነገር፦ ልቅሶው ሲያስመርርዎ ሕፃኑን በጀርባው ደህና ቦታ አስተኝተው፣ በሩን ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ይውጡ።

ምን ምን ምርመራ ይታዘዛል?

ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይ አካላዊ ጥቃት ከተጠረጠረ መላ አጥንቱ በራጅ ይታያል። ይህ ማለት እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ የሚነሣበት ወደ 20 የሚጠጋ ፎቶ ነው፤ ሕፃኑን ሙሉውን በአንድ ፊልም ማንሣት ትንንሾቹን ስብራቶች ስለሚደብቅ አይተካውም። ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል፤ በመጀመሪያው ቀን ያልታየው ስንጥቅ እስከዚያ ድረስ አዲስ አጥንት አብቅሎ ይታያልና።

የነርቭ ምልክት ካለ ወዲያው ሲቲ ስካን፤ 6 ወር ያልሞላው ከሆነ ምልክት ባይኖርም ይታሰብበት። ሲቲ በሌለበት በእርግብግቢት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ ሊረዳ ይችላል፤ ከራስ ቅል ሥር ያለ ስስ ደም ግን ያመልጠዋልና "ደህና ነው" ተብሎ አይዘጋበትም። ራስ ቅል ውስጥ ደም ከተገኘ የዓይን ሐኪም ብሌኑን አስፍቶ ሬቲናውን (የዓይኑን የውስጥ ጀርባ) ይይ፤ ሬቲናው ላይ ያለ ደም ቶሎ ሊጠፋ ስለሚችል በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ግፋ ቢል በ72 ሰዓት ውስጥ።

ሆድ ላይ ብልዝ አለመኖሩ ሆድ ዕቃው አለመጎዳቱን አያሳይም። የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤኤስቲ ወይም ኤኤልቲ በደም ውስጥ በሊትር ከ80 ዩኒት በላይ ከሆኑ የሆድ ሲቲ ስካን በንፅፅር መድኃኒት ይነሣ። ብልዝ ወይም የውስጥ ደም ካለ ፕላትሌትና የደም መርጋት ምርመራዎች፣ እንደ አስፈላጊነቱ ደም እንዲረጋ የሚረዱት ፋክተር 8፣ ፋክተር 9ና ፎን ቪለብራንድ ይታዩ። ስብራት ካለ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝና ቫይታሚን ዲ።

ጥቃት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮች የትኞቹ ናቸው?

ከሁሉ የተለመደው ከልደት ጀምሮ ወገብና መቀመጫ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ግራጫ ጠቃጠቆ ነው። ብልዝ በቀናት ይለወጣል፤ ይህ ግን ለወራት ባለበት ይቆያል። ሲወለድ መመዝገቡ በኋላ ብዙ ጣጣ ያድናል። ዋግምት የሚተወው ክብ ምልክት፣ የፕላትሌት ማነስ፣ ሄሞፊሊያ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት የዘር ሕመም)፣ ሪኬትስ (የልጅ አጥንት የሚለሰልስበት ሕመም)፣ በዘር የሚተላለፍ የአጥንት መሰባበርም አሉ። ግን አንድ ልጅ ሄሞፊሊያ ስላለበት አይመታም ማለት አይደለም።

ድህነትንና ችላ ባይነትን እንዴት ልለይ?

መለያው ይህ ነው፦ ለልጁ በእርግጥ የሚጠቅም ሕክምና አለ፤ ቤተሰቡ ሊያገኘው ይችላል፤ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸዋል፤ እንዲያም ሆኖ ልጁ አላገኘውም፤ ተጎዳ ወይም ሊጎዳ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መጀመሪያ የሚፈለገው መፍትሔ እንጂ ክስ አይደለም። ስለዚህ ይጠይቁ፦ የትራንስፖርት ገንዘብ ነው? መድኃኒቱ ጠፍቶ ነው? የጎንዮሽ ጉዳቱ አስፈርቷቸው ነው? እናቲቱ ከወሊድ በኋላ በድባቴ ተይዛለች? ቤት ውስጥ እሷም ትመታለች? (ይህን የመጨረሻውን ብቻዋን ስትሆን ብቻ።) እንቅፋቱን አንሡ፣ አጭር ቀጠሮ ስጡ፣ የሚጠበቀውን በጽሑፍ አስረክቡ። ከዚያ በኋላም ካልተለወጠ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። ኢንሱሊን እንደተከለከለ ልጅ ያለ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም።

መዝገብ ላይ ልጅ "ቀጠሮውን አላከበረም" ሲባል እናያለን። የ4 ዓመት ልጅ ቀጠሮ አያከብርም፤ "አላመጡትም" ተብሎ ይጻፍ። ሦስት ጊዜ "አላመጡትም" የሚል ካርድ ያነበበ ሰው ስልክ ያነሣል።

ወሲባዊ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ምርመራው ደህና ከሆነ አልደረሰም ማለት ነው?

አይደለም። ከ10 ልጆች በ9ኙ ወይም ከዚያ በላይ ምርመራው ምንም አያሳይም። ንክኪው ሁሉ አይቀድም፤ የተቀደደውም በዚያ ቦታ በቀናት ውስጥ ያለ ጠባሳ ሊሽር ይችላል። ዋናው ማስረጃ የልጁ ቃል ነው። "የድንግልና ምርመራ" የሚባለው ምንም ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 እንዲቆም ጠይቀዋል። ቤተሰብ ወይም ፖሊስ ቢጠይቅም "ድንግል ናት" ወይም "አይደለችም" ብለው አይጻፉ።

ሰዓቱን የሚመለከተው ክፍል ይህ ነው፦ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል። ሄፓታይተስ ቢ ያልተከተበ ይከተባል፤ ጨብጥ፣ ክላሚዲያና ቂጥኝ ይመረመራል። ልጁ የለበሰው ልብስ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፕላስቲክ እርጥበት አፍኖ ናሙናውን ያበላሻል። ለአቅመ ሔዋን ባልደረሰች፣ ማደንዘዣ ባልተሰጣት ልጅ ላይ ስፔኩለም (የብልት መክፈቻ መሣሪያ) አይገባም። ልጁ እንቢ ካለ አይገደድ። ምርመራውም አንድ ጊዜ፣ በሠለጠነ ሰው ይሁን፤ በየክፍሉ አዲስ ሐኪም እንዲያየው መላክ ሌላ ጥቃት ነው።

ልጁ ራሱ ቢነግረኝስ?

አያቋርጡት፤ አይደንግጡበትም። "ስለ ነገርኸኝ ጥሩ አደረግህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም" ይበሉት። "ለማንም አልናገርም" ብለው ቃል አይግቡ፤ "ደህና እንድትሆን ለሚረዱን ሰዎች ብቻ እነግራለሁ" ይበሉ። ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ብቻ በክፍት ጥያቄ ይጠይቁ፦ "እስቲ ምን እንደሆነ ንገረኝ"፣ "ከዚያስ?" "አጎትህ ነው አይደል?" የሚል ጥያቄ ግን መልሱን በልጁ አፍ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ኋላም ፍርድ ቤት ላይ ቃሉን ዋጋ ያሳጣዋል። ዝርዝሩ ሕፃናትን ለማነጋገር ለሠለጠነ ሰው ይተው። መስማት ወይም መናገር ለማይችል ልጅ አስተርጓሚው ከቤተሰብ ውጭ ይሁን። አካል ጉዳተኛ ልጆች ለጥቃት ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች 2 እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የሚጠይቃቸው ሰው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው።

ወላጁን ምን ልበለው?

እውነቱን፣ ያለ ክስ። ለምሳሌ፦ "ልጅዎ ላይ ያየሁትን ጉዳት የነገሩኝ ነገር ሙሉ በሙሉ አያስረዳኝም። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲገጥመን ለማንኛውም ልጅ የምናደርገው ምርመራ አለ፤ ልጆችን ለሚጠብቀው አካልም እናሳውቃለን።" "አንተ ነህ የመታኸው?" የሚለው የእርስዎ ጥያቄ አይደለም። ቤተሰቡ ልጁን ይዞ ሊጠፋ ይችላል ብለው ከሰጉ፣ ወሲባዊ ጥቃቱ ከቤት ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ በአሳዳጊው የተፈበረከ ከመሰለዎ ግን ከማሳወቅዎ በፊት የሚመለከታቸውን ያማክሩ።

ካርዱ ላይ እንዴት ይጻፍ?

ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ። የልጁ ቃል እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ። "አባቱ ደብድቦታል" ብለው አይጻፉ፤ "ልጁ 'አባቴ በቀበቶ መታኝ' ብሏል" ይበሉ። እያንዳንዱ ጉዳት በሰውነት ሥዕል ላይ ምልክት ተደርጎበት፣ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ይቀመጥ። ፎቶ ሦስት ጊዜ ይነሣ፦ ቦታው ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከማስመሪያ ጋር፤ በግል ስልክ ግን አይሁን። የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ተሰርዞ ቀንና ፊርማ ይደረግበት፤ በፍሉድ የተደመሰሰ ካርድ ጥርጣሬ ያስነሣል።

እርግጠኛ አይደለሁም። ላሳውቅ?

በአብዛኛው ሕግ የሚጠየቀው ምክንያታዊ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ማጣራቱ የሌሎች ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሕይወቱን ያድኑ፤ ወደ ቤት መመለሱ አስጊ ከሆነ ምርመራውን ምክንያት አድርገው ያስተኙት፤ በዚያው ቀን ከፍተኛ ሐኪምና ማኅበራዊ ሠራተኛ ያማክሩ፤ ለሚመለከተው አካል በስልክ ከዚያም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የተቀበለውን ሰው ስምና ሰዓት ይያዙ። በብዙ አገሮች ግዴታው የግል ነው፤ ለአለቃ መንገር ብቻውን አያወጣም። በቅን ልቦና ያሳወቀ ሰው ጥርጣሬው ባይረጋገጥም በብዙ ሕጎች አይጠየቅም።

ሌሎች ልጆች ቤት ውስጥ ካሉስ?

በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይታዩ። ከ2 ዓመት በታች የሆኑት ምንም ምልክት ባይኖራቸውም የአጥንት ራጅ ይነሡ፤ መንታ ከሆኑ በፍጹም አይታለፍ።

ልጁ ሲወጣ ምን ይረሳል?

ሁለተኛው የአጥንት ራጅ። ልጁ ተሽሎት ስለሄደ ቤተሰቡም ሐኪሙም ይተዉታል። ቀኑ ካርዱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይጻፍ፤ ካልመጣ ማን እንደሚደውልም በስም ይመደብ።